ከፖም ጋር የከረሙ አበቦች

ችግሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ብርድ የሚወድ አበባ ብርድ በሌለበት ከተማ እንዴት ያብባል? አበባው ዳፎዲል ይባላል። ቢጫ ነው፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ስኒ የመሰለ ነገር አለው፤ ብርድ በሚጠናበት አገር ጸደይ ሲገባ ከአፈር ቀድመው ብቅ ከሚሉት አንዱ ነው። ጥያቄውን ይዞ የተነሣው ሰው አትክልተኛ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ምናልባት ቶሎ ይፈታ ነበር። እሱ ግን ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ የቸኮለውም ሚስቱ ስለታመመች ነው።

ሰፈሩ ጋሼ በረዶ ይለዋል። ሱቁ በቁልፍ ቀራጩና በአትክልት ሻጯ መካከል ነው። የብረት መዝጊያው ጠዋት ሲነሣ መንገዱን ሁሉ የሚቀሰቅስ ድምፅ አለው። ውስጡ ጠባብ ነው፤ ፍሪጆቹ በሮቻቸውን ከፍተው በግራና በቀኝ ተደርድረዋል፤ በመሐላቸው የሚያልፍ ሰው በጎኑ ዞሮ ነው የሚያልፈው። ጋሼ በረዶ የጠገነውን ፍሪጅ ለባለቤቱ ቶሎ አይመልስም። ለቀናት እያሠራ ያዳምጠዋል፤ ሞተሩ ሲነሣና ሲያርፍ ያለውን ልዩነት በጆሮው ያውቃል። ከሁሉ በላይ የሚጨነቀው ግን ለበሩ ጎማ ነው። ቁራጭ ወረቀት በሩ ላይ አድርጎ ይዘጋና ወረቀቱን ይስበዋል። ወረቀቱ ሾልኮ ከወጣ ጎማው ቅዝቃዜ ያሾልካል ማለት ነው፤ ይለውጠዋል። ወረቀቱ ተቀድዶ ግማሹ ውስጥ ሲቀር ነው ፊቱ የሚፈታው። ይህን ወረቀት አስታውሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። የተማሪዎች የደንብ ልብስ ትሰፋ ነበር፤ በሰፈሩ ውስጥ በእሷ እጅ ያልተለካ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ያደገችው ከፍ ባለ ቀዝቃዛ ከተማ ነው፤ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ የሚያነጋበት። እናቷ በአጥሩ ሥር ዳፎዲል ተክለው ነበር። እናትየው ሞተው ቤቱ ሲሸጥ ወንድሞቿ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ተካፈሉ። እሷ በአሮጌ የእግር ሹራብ ውስጥ ሽንኩርት የመሰለ ነገር ሞልታ ተመለሰች።

በሩን የከፈተላት ጋሼ በረዶ ነበር። ሹራቡን አየና፣ «እዚህ ሽንኩርት ጠፍቶ ነው?» አላት።

«ዝም በል፤ የእናቴ ናቸው» አለችው።

ከበሩ ዞር አለላት። እሷም የዳፎዲሉን ራሶች ወስዳ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተከለቻቸው። ቦታው ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያርፍበት ነው፤ ግድግዳውም በስተጀርባው ምድጃ ስላለ ሌሊትም አይበርድም። ከሩቅ የመጣ እንግዳ እንዳይበርደው ሞቃት ክፍል እንደሚሰጠው ሁሉ፣ እሷም ከቤቱ ሞቃቱን ሥፍራ ሰጠቻቸው። በየዓመቱ ቅጠል አወጡ። እንደ ቢላ ስለት ቀጥ ያለ፣ ወፍራም፣ ያማረ ቅጠል። አበባ ግን የለም።

አትክልት ሻጯ በአጥሩ በኩል ባለፈች ቁጥር አትምራትም ነበር። «እትዬ፣ ሽንኩርትሽ ድስት ሳያይ አረጀ እኮ። ቢያንስ ለእኔ ስጪኝና ልሽጠው።»

«ብትሸጪው ደንበኞችሽን ትፈጂያለሽ። መርዝ ነው።»

«አበባ የማያወጣ፣ የማይበላ፣ መርዝ የሆነ ነገር አቅፈሽ ትኖሪያለሽ ማለት ነው?»

«ባል እንኳ አቅፌ እኖር የለ» ትላት ነበር ልብስ ሰፊዋ፤ ሁለቱም ይስቃሉ፤ ጋሼ በረዶም ከውስጥ ሆኖ እንዳልሰማ ያስላል።

ቅጠል ብቻ የሚያወጣበትን ምክንያት ለመረዳት አንዱን ራስ በቢላ ለሁለት ብንከፍለው ጥሩ ነበር። እንደ ሽንኩርት ሽፋን በሽፋን የተደራረበ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ሽፋኖቹ የስንቅ ከረጢቶች ናቸው። ወደ እምብርቱ ስንደርስ ግን አስገራሚ ነገር አለ። ጥፍር የማታክል፣ ገና ቀለም ያልያዘች፣ ሙሉ በሙሉ የተሠራች አበባ ተጣጥፋ ተኝታለች። ዳፎዲል የሚመጣውን ዓመት አበባ የሚሠራው የዘንድሮው ቅጠል እየደረቀ ሳለ ነው። ሁሉም ሰው አበባው አልቆለታል ብሎ ፊቱን በሚያዞርበት ሰዓት እሱ ከአፈር በታች ሥራ ላይ ነው። ይህችን የተጣጠፈች አበባ ወደ ላይ የሚያወጣት ግንድ ግን በቀላሉ አይረዝምም። አስቀድሞ ረጅም ብርድ ማሳለፍ አለበት፤ ሳምንታት፣ ወራት። አንድ ሞቃት ቀን አታልሎት ብቅ ቢል በማግሥቱ ውርጭ ይፈጀዋል፤ ስለዚህ ብርዱ መጥቶ መሄዱን ሳያረጋግጥ አይነቃነቅም። ከምድጃው ግድግዳ ሥር የተተከሉት ራሶች ያ ብርድ መጥቶላቸው አያውቅም። በየዓመቱ አበባቸውን ይሠራሉ፤ በየዓመቱም አበባዋ በተጣጠፈችበት ትደርቃለች። ልብስ ሰፊዋ ይህን አታውቅም ነበር። ባሏም አያውቅም።

ከዚያ ልቧ ደከመ። ሐኪሙ የልብ ድካም ነው አላት፤ እግሯ ያብጣል፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ጋደም ስትል ደረቷ ውስጥ ውኃ የሚንቦጫረቅ ይመስላታል። መጀመሪያ የስፌት መኪናውን በእግሯ መርገጥ ተወች፤ ቀጥሎ መቀስ መያዝ። ወንበሯን መስኮቱ ሥር አስጠግታ ወደ ወጥ ቤቱ ግድግዳ እያየች ትውላለች። አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ይዞላት ሲገባ፣

«እንግዲህ ሳላየው መሄዴ ነው» አለችው።

«ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«አንተ ደግሞ። ወዴት ይሆናል።»

ሻዩን አስቀመጠ። ትራሷን አስተካከለ፤ ሳያስፈልግም ደግሞ አስተካከለው። «በሚመጣው ጸደይ ታያለሽ» አላት። «እኔ አሳይሻለሁ።»

እንዲህ ያለ ቃል ሰጥቶ አያውቅም። ደንበኛ «መቼ ይደርሳል?» ሲለው እንኳ «ሞተሩን ልስማው» የሚል ሰው ነው።

በዚያው ሰሞን የግብርና ኮሌጅ ውስጥ የዘር ማቆያ ፍሪጅ ተበላሽቶ ተጠራ። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እየሠራ፣ አጠገቡ ቆሞ የሚያየውን አስተማሪ ጠየቀው። «መምህር፣ አበባ እምቢ ሲል ምን ይደረጋል?»

አስተማሪው ወጣት ነው፤ ጥያቄ ሲጠየቅ ደስ የሚለው ዓይነት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና መልሶ ጠየቀው፤ የት ተተከለ፣ ግድግዳው በየት ዞሯል፣ ቅጠሉ ምን ያህል ይረዝማል፣ ሲጫኑት የአበባው ራስ ጠንካራ ነው ወይስ ይላላል። ሁሉንም ሰምቶ፣ «ጋሼ፣ ችግርዎ ብርድ ማጣት ነው» አለው።

ጋሼ በረዶ ብሎን መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ብርድ?»

«ብርድ። በረዶ እንዳይሆን እንጂ፣ ፍሪጅ ውስጥ እንዳለው ቅዝቃዜ። ለወራት።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ብርድ ስጠግን ኖሬ፣ ቤቴ ብርድ ጠፋ በለኛ!» አለና ከት ብሎ ሳቀ። አስተማሪው ስለ እርጥበቱ፣ ስለ አየሩ፣ አብሮ መቀመጥ ስለሌለበት ነገር መናገሩን ቀጥሎ ነበር። ጋሼ በረዶ ግን «ብርድ» የምትለውን ቃል ከሰማ በኋላ ሌላ ነገር ጆሮው አልገባም። ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤት በረረ።

ከሱቁ ፍሪጆች ሁሉ ሞተሩ ጸጥተኛ የሆነውን መረጠ። ወደ ቤት አስገብቶ መስኮቱ ሥር ከሚስቱ ወንበር አጠገብ አቆመው። አዲስ የበር ጎማ ገጠመለት። ወረቀቱን አስገብቶ ሳበ፤ ተቀደደ። ደግሞ በሌላኛው ጥግ ሳበ፤ ተቀደደ። ራሶቹን ከአፈር አውጥቶ፣ አራግፎ፣ እርጥበት በነካው ሰጋቱራ ሸፍኖ በታችኛው መሳቢያ አስተኛቸው። ሚስቱ ከወንበሯ ሆና ታየዋለች።

«ቀስ» አለችው። «ልጅ እንደምታስተኛ።»

«ልጃችንን ያስተኛኋት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ስታስተኛት እያስነሣሃት እኮ ነበር።»

በዚያን ጊዜ የምግብ ፍላጎቷ ጠፍቶ ነበር። ጨው ተከልክላለች፤ የቀረበላትን ሁሉ በማንኪያ ታገላብጥና ትተወዋለች። አፏ የሚቀበለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የተፈቀፈቀ ፖም፣ ያውም የቀዘቀዘ። ጋሼ በረዶ ከአትክልት ሻጯ የበሰለ የበሰለውን እየመረጠ ያመጣና በላይኛው መደርደሪያ ላይ ይደረድረዋል። ጠዋት በሩን ሲከፍት ጣፋጭ ሽታ ፊቱን ይመታዋል። «ሽታው ብቻ ያጠግባል» ይላት ነበር። እሷም ማንኪያውን እየላሰች «ሲቀዘቅዝ ነው የሚጥመው» ትለዋለች። ፍሪጁ ከላይ እሷን ይመግባል፤ ከታች አበባዋን ያቆያል። በሕይወቱ የሠራው ምርጥ ሥራ ይህ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ያስብ ነበር።

የብርዱ ወራት ሲያበቃ ራሶቹን አውጥቶ በሸክላ ማሰሮ ተከለና መስኮቱ ላይ ደረደራቸው። ቅጠሉ ወጣ። ከቅጠሉ መሐል ደግሞ ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁት ነገር ተነሣ፤ ክብ ግንድ፣ ጫፉ ላይ የተሸፈነ እንቡጥ። ልጃቸው መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ በየምሳ ሰዓቷ እየመጣች ታያለች። አትክልት ሻጯም መጣች፤ ለአንዴ እንኳ ቀልድ አጥታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልብስ ሰፊዋ ያን ሰሞን ፀጉሯን ታበጥር ጀመር።

እንቡጦቹ ግን አልወፈሩም። ሽፋናቸው ቀጠነ፤ እንደ አሮጌ ወረቀት ቡናማ ሆነ። ጋሼ በረዶ ውኃ ጨመረ፤ ቀነሰ፤ ማሰሮዎቹን አዞረ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ አንዱን ማሰሮ እንዲያቀርብላት ጠየቀችው። ከጃኬቷ አንገት ላይ ሁልጊዜ የምትሰካትን መርፌ ነቀለችና የእንቡጡን ሽፋን እንደ ስፌት በቀስታ ተረተረችው። ውስጡ ባዶ ነበር። ሥሩ ላይ ብቻ የተጨማደደች የክር ቁራጭ የምታህል ነገር አለች። በመርፌዋ ጫፍ አንሥታ ወደ ብርሃን አስጠጋቻት።

«ይቺ ናት» አለች። «ነበረች ማለት ነው።»

አስተማሪው ሲጠራ ሳይዘገይ መጣ። ማሰሮዎቹን አየ፤ ፍሪጁን ከፍቶ አየ። ቅዝቃዜው ትክክል መሆኑን ተናገረ፤ እርጥበቱም ደህና ነበር። ከዚያ፣ «መሳቢያው እዚህ ሲሆን ላይኛው ላይ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«ፖም።»

አስተማሪው ፍሪጁን ዘጋው። ከዚያ እያሳጠረ፣ ጥፋቱን ለማንም ሳይሰጥ አስረዳው። ፖም እየበሰለ ሲሄድ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ይተነፍሳል። ዓይን አያየውም። ፍሬ ፍሬን የሚያበስለው በዚህ ጋዝ ነው፤ ጥሬ ሙዝ ከበሰለ ፖም ጋር ሲቀመጥ ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። ለተኛ የዳፎዲል ራስ ግን መርዝ ነው። ሽፋኑን አልፎ ይገባና በእምብርቱ ያለችውን አበባ ይገድላታል። ቅጠሉን አይነካም፤ ግንዱንም ላይነካ ይችላል። ስለዚህ ከውጭ ሲታይ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ፍሪጁ የሚያሾልክ ቢሆን የተወሰነው ጋዝ በበሩ ይወጣ ነበር። የጋሼ በረዶ በር ግን ወረቀት እንኳ አያሳልፍም።

ዕድሜውን ሁሉ ከጋዝ ጋር የሠራ ሰው ነው። በቧንቧ የሚዞረውን ጋዝ በፉጨቱ ያውቀዋል። በየጠዋቱ ፊቱን ሲመታው የነበረውን ሽታ ግን ምግብ ነው ብሎ ነበር ያለፈው።

ለሚስቱ ልንገራት አልንገራት ብሎ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ዋለ። ማታ እግሯን በትራስ ላይ እያነሣላት ነገራት። መጀመሪያ አልገባትም፤ ቆይቶ ሲገባት ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እያለቀሰች መስሎት ቀና አለ። እየሳቀች ነበር።

«እኔ ነኛ የበላኋቸው» አለች። ሳቁ ሳል ሆነባት፤ ጀርባዋን ደገፈላት። ትንፋሿ ሲመለስ፣ «ሲቀዘቅዝ ነው የሚጥመው ያልኩህ እኔው ነኝ» አለችው።

እሱ መሳቅ አልቻለም።

«ስማኝ፤ ቅጠሉን እንዳትነካው» አለችው ቆይታ። «ይጠወልጋል፣ ያስቀይማል፣ ይጋደማል። ተወው። እናቴ ጨርሶ ደርቆ በእጅ ሲነሣ ብቻ ነበር የምታነሣው። የሚመጣውን አበባ የሚያበላው እሱ ነው ትል ነበር።»

እናትየው ልክ ነበሩ። ቅጠሉ ወጥ ቤት ነው፤ ከፀሐይ ያገኘውን ከሥር ወዳለው ራስ እያወረደ ስንቅ ይሞላል፤ ያለ ስንቅ የሚመጣው ዓመት አበባ አይሠራም። ልብስ ሰፊዋ ግን የተናገረችው ስለሌላ ጸደይ ነበር፤ ይህን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

የሞተችው ቅጠሎቹ ከጫፋቸው ቢጫ ማለት ሲጀምሩ ነው። በወንበሯ ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ መነጽሯን እንዳደረገች።

ቤቱ በሰው ሞላ። ወንበር ከየጎረቤቱ መጣ። አትክልት ሻጯ ዓይኗ አብጦ፣ ከማንም ቀድማ መጥታ ጠረገች፣ አጠበች፤ ለሚመጣው ሰው ቤቱ ንጹሕ እንዲሆን መስኮቱ ላይ የተጋደመውንም ቅጠል ሁሉ በቢላዋ ከሥሩ ቆርጣ አነሣችው። ማሰሮዎቹን ጠራርጋ ጥግ ላይ ደረደረቻቸው። ጋሼ በረዶ ከቀብር ሲመለስ አየ። የተቆረጡት ጉቶዎች ገና ውኃ እንዳዘሉ ነበሩ።

«ትንሽ ላጽዳልህ ብዬ ነው» አለችው።

«እጅሽ ይባረክ» አላት። ገብቶ ተቀመጠ።

ራሶቹን ከአፈር ያወጣቸው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ተጫናቸው። አንዳንዶቹ ልል ሆነው ነበር፤ ጣላቸው። የቀሩት ጠንካራ ናቸው፤ በእጅ ሲመዘኑ ግን እንደ ድሮው አይከብዱም። ቢላዋ ከመምጣቱ በፊት ቅጠሉ ምን ያህል ስንቅ አውርዶ እንደነበር የሚያውቅ የለም። አስተማሪውም ሲጠየቅ፣ «ከፍተው ካላዩት አይታወቅም ጋሼ፤ ከፈቱት ደግሞ ሞተ» አለው። አልከፈተም።

ፍሪጁ ወደ ሱቅ ተመለሰ። በዚህኛው የብርድ ወቅት ከራሶቹ በቀር ምንም አልገባበትም፤ በሩንም አልፎ አልፎ ከፍቶ አየሩን ይለውጥ ነበር። ልጁ ምሳ ይዛ ስትመጣ ዘንቢሏን ደጃፍ ላይ ይፈትሻል።

«አባዬ፣ ፖም የለም አልኩህ እኮ።»

«ሙዝስ?»

«ሙዝም የለም።»

አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ፍሪጁን ወዶ ጠየቀው። «ይሄ ይሸጣል?»

«አይሸጥም።»

«ባዶውን ነው እኮ የሚሠራው።»

«ባዶ አይደለም» አለው ጋሼ በረዶ፤ ሥራውንም ቀጠለ።

ልጁ አልፎ አልፎ ትፈራለታለች። ባለፈው ሰሞን ማሰሮዎቹን ሲደረድር ቆማ እያየችው፣ «አባዬ፣ አሁን ለማን ነው?» አለችው። በቁጣ አይደለም፤ እናቷን እሷም አጥታለች።

እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እኔ አይቼው አላውቅም እኮ» አላት። «ስትነግረኝ ኖረች፤ ስኒ አለው፣ አንገቱን ይደፋል፣ ሽታው እንዲህ ነው ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። አንድም ቀን አላየሁትም። ምን ስትናፍቅ እንደነበር አላውቅም።»

ልጁ ወደ እሱ ጠጋ አለች። ማሰሮውን በሌላ በኩል ይዛ አገዘችው።

አሁን የቀረው ፈተና ሙቀት ነው። ብርዱን የጨረሰ ራስ እንኳ ከቅዝቃዜ ወጥቶ ድንገት ሙቀት ካገኘው እንቡጡ ከመከፈቱ በፊት ይደርቃል። በብርድ አገር ጸደይ ቀስ እያለ ነው የሚገባው፤ እዚህ ከተማ ግን ፀሐይ አትለማመጥም፤ የሱቁ ቆርቆሮ ጣሪያም እኩለ ቀን ላይ ይግላል። ስለዚህ ጋሼ በረዶ ቀስ ያለ ጸደይ በእጁ እየሠራ ነው። ማሰሮዎቹን መጀመሪያ ከሱቁ ጀርባ ጨለማው ውስጥ አስቀመጣቸው። አሁን ጠዋት ጠዋት የብረት መዝጊያውን በግማሽ አንሥቶ ብርሃን ያሳያቸዋል፤ ፀሐይዋ ስትጠነክር ወደ ውስጥ ይመልሳቸዋል። ቀትር ላይ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስረጋውን የውኃ ጠርሙስ በዙሪያቸው ያቆማል፤ ሲቀልጥ ይለውጠዋል። ደንበኛ ቢጠራውም ጠርሙሱን ሳይለውጥ አይሄድም። አትክልት ሻጯ ፖሟን አንሥታ ወደ መደቧ ሌላኛው ጫፍ አዛወረችው፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም።

ቅጠሉ ከጣት ከፍ ብሏል። በዚህ ጊዜ እንቡጥ መኖር አለመኖሩ በዓይን አይታይም፤ ሁለቱ ቅጠሎች እንደ ተጋጠመ መዳፍ ይሸፍኑታል። በጣት ግን ይታወቃል ይላል አስተማሪው፤ ከሥሩ ከፍ ብሎ ሲዳሰስ ባዶው ጠፍጣፋ ነው፣ እንቡጥ ያለበት መሐሉ ይጠነክራል። ጋሼ በረዶ የሚነኩ ነገሮችን ያውቃል። ዛሬ ጠዋት ከመዝጊያው ሥር ቁጢጥ ብሎ አንዱን ከሌላው እያስከተለ ዳሰሳቸው። ጠፍጣፋ። ጠፍጣፋ። መጨረሻው ማሰሮ ላይ ጣቱ ቆመ። እንዲጠነክር የፈለገ ልቡ ይሁን ቅጠሉ መለየት አልቻለም፤ ደግሞ ሊነካው ፈልጎ እንዳይጎዳው ተወው። የፀሐይዋ ጫፍ ወለሉ ላይ ወደ ማሰሮው እየመጣ ነበር። በሁለት እጁ አነሣውና ወደ ጥላው ትንሽ አስገባው፤ ተነሥቶም ጠርሙሶቹን ሊሞላ ሄደ።